የባሩድ ስፍር፤ የአንዲት ትንሽ መሣሪያ ረጅም ታሪክ

የጦር መሣሪያ ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ብዕር ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በመድፉ ግዝፈት፣ ጠመንጃው በሚደርስበት ርቀትና ሠራዊቱን በመራው አዝማች ስም ላይ ነው። ባሩዱን ለክቶ ጠመንጃውን ስላጎረሰው እጅና በዚያ እጅ ውስጥ ስለ ነበረችው ትንሽ ስፍር የሚናገር ገጽ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ጠመንጃ የሰው ልጅ መሣሪያ ከሆነበት ዘመን ጀምሮ ተኳሹን ከገዛ መሣሪያው አደጋ ሲጠብቀው የኖረው፣ ሳይጠብቀው በቀረም ጊዜ ዓይኑንና ጣቱን ያስከፈለው ይኸው ትንሽ ዕቃ ነው።

ስፍር ለሕዝባችን እንግዳ ነገር አይደለም። ቁናውም፣ ጣሳውም፣ እፍኙም የዕለት ኑሮአችን መለኪያዎች ናቸው። በገበያ ላይ ስፍር ቢጎድል ሻጭና ገዢ ይጣላሉ፤ ሽማግሌ ገብቶም ያስታርቃቸዋል። የባሩድ ስፍር የተዛባ እንደሆነ ግን ዳኛው እሳት ነው፤ ይግባኝም የለውም። ከዚህም የተነሣ የባሩድን ስፍር ታሪክ መመርመር፣ የሠራተኛው እጅ ከአደገኛ ነገር ጋር እንዴት አብሮ ለመኖር እንደ ተማረ፣ ትምህርቱም በምን ዋጋ እንደ ተገዛ መመርመር ማለት ነው።

ለምን በስፍር ተለካ?

ጥቁር ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና ናይትር ከሚባለው ነጭ ጨው የሚቀመም ድብልቅ ነው። የመጀመሪያዎቹ የጽሑፍ ቀመሮቹ የሚገኙት በቻይና፣ እ.ኤ.አ. በ1044 በተጠናቀረ የጦር ጥበብ መጽሐፍ ውስጥ ነው። ባሩዱ በቀደመው ዘመን እንደ ዱቄት የላመ ስለ ነበረ፣ በጋሪና በጋማ ከብት ሲጓጓዝ በመንገዱ መናወጥ ምክንያት ንጥረ ነገሮቹ እርስ በርስ ይለያያሉ፤ ከላይ የተዘገነውና ከታች የተዘገነው አንድ ዓይነት አይሆንም። እንዲህ ያለውን ነገር በስፍር መለካት ትርጉም አልነበረውም።

በ15ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ የባሩድ ሠሪዎች ድብልቁን በእርጥበት አቡክተው፣ ከዚያም አድርቀውና አድቅቀው እንደ እህል ቅንጣት ማበጀት ጀመሩ። ይህ ቀላል የሚመስል እርምጃ ታላቅ ለውጥ አመጣ። ቅንጣቱ ውስጡ የተደባለቀ ስለሆነ በመንገድ አይለያይም፤ በቅንጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተትም የተመጣጠነ ስለሆነ አንዱ ዕቃ ዛሬም ነገም የሚይዘው መጠን ተመሳሳይ ይሆናል። በግምት አንድ ሚሊ ሊትር ጥቁር ባሩድ አንድ ግራም ያህል ይመዝናል። በጦር ሜዳና በአደን ዱር ሚዛን መትከል ለማይችል ሰው ይህ ትልቅ በረከት ነበር። ቀንድ ቆርጦ ወይም እንጨት ቦርቡሮ ትንሽ ጽዋ ያበጅና፣ ለጠመንጃው የሚስማማውን መጠን አንድ ጊዜ ካወቀ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ በዚያች ጽዋ ይሰፍራል።

ከዚህም ሌላ ጥቁር ባሩድ አንድ ጠባይ ነበረው፤ ጥቂት ስሕተትን ይታገሣል። ስፍሩ በጥቂት ቅንጣቶች ቢበዛ ወይም ቢያንስ ጥይቱ ከፍ ወይም ዝቅ ይል ይሆናል እንጂ ደኅና ሆኖ የተሠራ ጠመንጃ በዚህ አይፈነዳም። ስፍር በባሩድ ዓለም ከአራት መቶ ዓመት በላይ የነገሠው በዚህ ትዕግሥት ምክንያት ነው። በኋላ እንደምንመለከተው ግን ይኸው ትዕግሥት ለሚቀጥለው ትውልድ ወጥመድ ሆነ።

የመጀመሪያው ሕግ፤ ጎተራውን ከእሳቱ ለይ

ባሩድን በቀንድ ይዞ መዞር የተለመደ በሆነበት ዘመን፣ የቸኮለ ተኳሽ የቀንዱን አፍ በቀጥታ ወደ ጠመንጃው አፈሙዝ ይዘቀዝቅ ነበር። በአፈሙዙ ውስጥ ከቀደመው ተኩስ የቀረ ፍም ካለ፣ እሳቱ በሚወርደው ባሩድ ላይ ተሳፍሮ ወደ ቀንዱ ይወጣል። ያን ጊዜ በተኳሹ እጅ ያለው የባሩድ ቀንድ መሆኑ ይቀርና የእጅ ቦምብ ይሆናል። የስፍር የመጀመሪያ የደኅንነት ሕግ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ባሩድ ከቀንድ ወደ ስፍር፣ ከስፍር ወደ ጠመንጃ ይገለበጣል እንጂ ከቀንድ ወደ ጠመንጃ ከቶ አይፈስም። እሳት ቢነሣ የሚነደው በስፍሩ ውስጥ ያለው የአንድ ጥይት ባሩድ ብቻ ይሆናል፤ ይህም እጅን ያቃጥላል እንጂ ሰውን አይገድልም።

እንግዲህ ስፍር ከመነሻው ሁለት ሥራ ነበረው። አንዱ መለካት ሲሆን ሁለተኛው መለየት፣ ማለትም ብዙውን ባሩድ ከእሳቱ ማራቅ ነው። ይህን ሁለተኛ ሥራውን የዘነጋ ሁሉ ተቀጥቷል። በ17ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ እግረኛ ወታደር አንድ አንድ ጥይት ባሩድ የሚይዙ፣ ብዙውን ጊዜ አሥራ ሁለት የሆኑ ትንንሽ የእንጨት ቀፎዎችን በደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ይዘምት ነበር። አሳቡ መልካም ነበር፤ በውጊያ መካከል መስፈር ሳያስፈልግ ሁሉም አስቀድሞ የተሰፈረ ነውና። ነገር ግን ወታደሩ በዚያው ላይ የሚጤስ የክር ገመድ በእጁ ይይዛል። አንዱ ቀፎ እሳት ያገኘ እንደሆነ ሌሎቹም ተከታትለው ይነዳሉ። በመሆኑም በወረቀት የተጠቀለለ ባሩድና ጥይት በቆዳ ኮሮጆ ውስጥ ተከቶ መያዝ ሲጀመር፣ የደረቱ ቀፎ ቀስ በቀስ ከሠራዊት ጠፋ።

ሁለተኛው ሕግ፤ ብረትና ብረት አይገናኝ

የስፍር ሁለተኛው ትምህርት ቤት የባሩድ ፋብሪካ ነው። ዱፖን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1802 በአሜሪካ ዴላዌር ግዛት በብራንዲዋይን ወንዝ ዳር የባሩድ ፋብሪካ አቋቋመ። ባሩዱ የሚወቀጥባቸው ቤቶች አሠራር ስለ ሥራው ጠባይ ብዙ ይናገራል። ሦስቱ ወገን በወፍራም ድንጋይ ተገንብቶ፣ ወደ ወንዙ የሚመለከተው አራተኛው ወገን በስስ እንጨት ይዘጋ ነበር። ይህም ፍንዳታ በተነሣ ጊዜ ኃይሉ ሌላውን ቤት ሳይነካ ወደ ወንዙ እንዲወጣ ታስቦ ነው። ሕንጻው ለሕንጻው ሲታሰብለት፣ በውስጡ ያለው ሠራተኛ ግን ከኃይሉ ጋር ወደ ወንዙ ይሄድ ነበር። ሠራተኞቹም አንድ ባልደረባቸው በፍንዳታ ሲሞት ሞተ አይሉም ነበር፤ ወንዙን ተሻገረ ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1818 በደረሰው አንድ ፍንዳታ ብቻ ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ፋብሪካው እስከ ተዘጋበት እስከ 1921 ድረስ ባለው ዘመን የሞቱት ደግሞ ከ200 ይበልጣሉ።

በዚህ ዓይነት ስፍራ ሁሉ ሕጉ አንድ ሆነ። ብረት ከብረት ወይም ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ ብልጭታ እንዳያወጣ፣ መዝጊያው ከእንጨት፣ ምስማሩ ከመዳብ፣ አካፋው ከእንጨት ወይም ከመዳብ ይሠራል። ሠራተኛውም ወደ ባሩዱ ቤት ሲገባ ምስማር ያለበትን ጫማ አውልቆ ይገባል። ጥሩ ስፍር ከቀንድ፣ ከእንጨት፣ ከመዳብ ወይም ከነሐስ ይሠራ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በየሙዚየሙ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የምናያቸው የነሐስ ስፍሮች ውበት የአንጥረኛውን ጥበብ እንደሚመሰክር ሁሉ፣ የብረቱ ምርጫም በብዙ የፋብሪካ ሠራተኞች ሕይወት የተገኘ ዕውቀት ነው።

የቀለሃ ዘመን

ከ1860ዎቹና ከ1870ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሩድ፣ ጥይትና ማቀጣጠያ በአንድ የነሐስ ቀለሃ ውስጥ መታሸግ ጀመሩ። እንግሊዞች በ1871 ለሠራዊታቸው የመረጡት ማርቲኒ ሄንሪ 5.5 ግራም ያህል ባሩድ፣ አሜሪካኖች በ1873 የያዙት ስፕሪንግፊልድ 4.5 ግራም ያህል፣ ፈረንሳዮች በ1874 ያወጡት ግራ የተባለው ጠመንጃ ደግሞ 5.25 ግራም ባሩድ ይጎርሱ ነበር። የእንግሊዝና የአሜሪካ ባለሙያዎች ይህን የሚቆጥሩት በግራም ሳይሆን በቅንጣት ሲሆን፣ ይህ መለኪያ መነሻው የእህል ቅንጣት ነው፤ 7,000 ቅንጣት አንድ ፓውንድ ይሆናል። የሰው ልጅ በጣም ዘመናዊውን መሣሪያ ሲለካ እንኳ የገበሬውን አዝመራ ዋቢ ማድረጉ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የነሐስ ቀለሃ ውድ ነው፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ተተኩሶ አይጣልም። ማቀጣጠያው ተቀይሮ፣ ባሩድና እርሳስ ተጨምሮበት ዳግም ይሞላል። በ1870ዎቹ በአሜሪካ ሜዳዎች ባይሰን የተባለውን ጎሽ ለቆዳው ሲሉ የጨፈጨፉት አዳኞች፣ ማታ ማታ በእሳት ዳር ተቀምጠው የቀኑን ቀለሃ በስፍር ይሞሉ ነበር። የጎሹ መንጋ በጥቂት ዓመታት ሲያልቅ፣ ኑሮአቸው በእርሱ ላይ የቆመው የአገሩ ነባር ሕዝቦችም ለረኃብና ለውርደት ተዳረጉ። ትንሿ የነሐስ ጽዋ የዚህም ምስክር ናት። መሣሪያ ራሱ ጥፋትን አይመርጥም፤ የተሰለፈበት ዓላማ ግን ከታሪኩ ተነጥሎ አይጻፍም።

እ.ኤ.አ. በ1884 አይዲያል የተባለ ድርጅት በአሜሪካ ተቋቁሞ የቀለሃ መሙያ መሣሪያዎችን ለገበያ ማቅረብ ያዘ። ከዚያ በኋላ በስፋት የታወቀው የስፍር ዓይነት ከላይ የባሩድ ጎተራ፣ ከመካከሉ ጎድጓዳ ያለው ተሽከርካሪ ሲሊንደር፣ ከጎኑ እጀታ ያለው ነው። እጀታው ወደ ላይ ሲነሣ ጎድጓዳው ይሞላል፤ ወደ ታች ሲመለስ ወደ ቀለሃው ያፈስሳል። ሥራው ፈጠነ፤ አንድ ሰው በአንድ ሰዓት የሚሞላው ቀለሃ በዛ። ነገር ግን በጥንቃቄ ስንመረምረው የመጀመሪያው ሕግ እዚህ ላይ እንደ ተጣሰ እናያለን። ብዙው ባሩድ ከስፍሩ ተለይቶ የሚቀመጥ መሆኑ ቀርቶ በሠራተኛው ፊት፣ በስፍሩ አናት ላይ ተቀመጠ። ሲሊንደሩም ሲዞር ቅንጣቶቹን ይቆርጣል። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ ጠንቃቃ ሰዎች ጎተራውን በትንሹ ብቻ መሙላትን፣ የጎተራውን ክዳን አለመርሳትን፣ ዋናውን የባሩድ ጣሳ ዘግቶ ከጠረጴዛው ማራቅን ደንብ አደረጉ። ፍጥነት ያፈረሰውን ሕግ ሥነ ሥርዓት መልሶ እንዲያቆመው ሆነ።

ውጅግራና የአገራችን ባለሙያ

የዚህ ታሪክ አንድ ገጽ የእኛም ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ ግርጌ ይዞት የቀረበው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ በአገራችን አፍ ስናድር ተብሎ ቀረ። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ድል የተመታው የግብፅ ጦር ትቶት ከሄደው መሣሪያ መካከል ብዙ ሬሚንግተን ጠመንጃ ነበረ። ከላይ የጠቀስነው የፈረንሳዮቹ ግራ ደግሞ በፈረንሳይኛ ፉዚ ግራ ከሚለው አጠራሩ ውጅግራ የሚል ስም ወጥቶለት የአርበኛው ጓደኛ ሆነ። እነዚህ ሁሉ በጥቁር ባሩድ የሚሠሩ ነበሩ።

ጠመንጃው በምርኮ ወይም በንግድ ይገኛል፤ ጥይቱ ግን በተተኮሰ ቁጥር ያልቃል። ጠመንጃን የገዛ አገር ጥይቱን ከሌላ እስከ ገዛ ድረስ ነፃነቱ በሻጩ እጅ ላይ የተንጠለጠለ ነው። የዚህን ክብደት ከሁሉ አስቀድሞ የተረዳው ገበያው ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በብዙ የአገራችን ክፍሎች ጥይት እንደ አሞሌ ጨው ለመገበያያ ያገለግል ነበር። ባዶውም ቀለሃ እንዲሁ አልተጣለም፤ ተለቅሞ በአገር ውስጥ በተሠራ ባሩድ ዳግም ይሞላ ነበር።

ይህ ሥራ በአንጥረኛው ላይ የጣለውን ኃላፊነት እናስብ። ከውጭ ሲታይ በፋብሪካ የተሞላውና በእጅ የተሞላው ጥይት ሊመሳሰሉ ይችላሉ፤ ገዢው ውስጡን ማየት አይችልም። በባሩዱ ጥራትና በስፍሩ ልክ ላይ ያለው ዋስትና የሠሪው ሙያና ህሊና ብቻ ነው። እንደሚታወቀው በዚያ ሥርዓት ውስጥ አንጥረኛው በብዙ ስፍራ የተናቀ ሰው ነበር፤ ርስት አይሰጠውም፤ ባላገሩም በቡዳነት ይጠረጥረዋል። የአገር ጋሻ የሆነውን መሣሪያ የሚጠግነው እጅ ከማዕድ የሚገለል እጅ ነበር። በአድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘውን ድል ስናወሳ፣ ከአዝማቾቹ ስም ጎን ስሙ ያልተጻፈውን ይህን ባለሙያ ማስታወስ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ሕግ፤ አንድ ስፍር ለአንድ ባሩድ

እ.ኤ.አ. በ1884 ፖል ቪዬይ የተባለው ፈረንሳዊ ጢስ አልባውን ባሩድ ሠራ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በዚሁ ባሩድ የሚሠራው ለበል የተባለው ጠመንጃ ወጣ። ልዩነቱን በቁጥር እንመልከተው። የግራ ጠመንጃ በ5.25 ግራም ጥቁር ባሩድ ጥይቱን በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ሲወረውር፣ ለበል ከ3 ግራም በማይበልጥ አዲስ ባሩድ ከ600 ሜትር በላይ ይወረውር ነበር። ኃይሉ በጥቂት ስፍራ ውስጥ ተሰብስቧል ማለት ነው።

ከዚህ ቀደም የመጨረሻው ዘብ ቀለሃው ራሱ ነበር። ጥቁር ባሩድ ቀለሃውን እስከ ጥይቱ መቀመጫ ድረስ ይሞላዋል፤ እንዲያውም በባሩዱና በጥይቱ መካከል ባዶ ስፍራ እንዳይቀር ጥቂት ተጠቅጥቆ ይያዛል። ሠራተኛው ተዘናግቶ ሁለት ጊዜ ቢሰፍር ባሩዱ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ስሕተቱም በዓይን ይታያል። አዲሱ ባሩድ ግን በቀለሃው ግርጌ የሚቀር ስለሆነ ሁለት ስፍር ተጨምሮበት እንኳ ምንም ምልክት ላይሰጥ ይችላል። ዝምተኛው ዘብ ከበሩ ተነሣ ማለት ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ልማድ ነበር። አባቱ ለጥቁር ባሩድ የሠራትን ስፍር ልጁ በአዲሱ ባሩድ ሞልቶ ጠመንጃውን ሲያጎርስ፣ ስፍሯ ልክ ናት፤ እጁም አልተሳሳተም፤ ነገር ግን ጠመንጃው በፊቱ ይፈነዳል። ፋብሪካዎች ይህን አደጋ ለማቃለል፣ በስፍር ከጥቁሩ ጋር እኩል የሆነ ቀለል ያለ ጢስ አልባ ባሩድ ለአደን ጠመንጃ ሠርተው ነበር። መፍትሔው ግን ሌላ ግራ መጋባት ወለደ። እ.ኤ.አ. በ1887 አልፍሬድ ኖቤል እንደ ሠራው ባሊስታይት ያሉት እምቅ ባሩዶች በዚያው መደርደሪያ ላይ ተቀመጡና አንዱ ጢስ አልባ በስፍር ሲለካ ሌላው በሚዛን ብቻ የሚለካ ሆነ። በስም የተመሳሰሉ በጠባይ የተለያዩ ነገሮች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። ድራም የተባለው የጥቁር ባሩድ መለኪያ፣ ባሩዱ ከተተወ ከብዙ ዘመን በኋላም በአደን ጥይት ሣጥኖች ላይ መታተሙ የዚያ ዘመን ጠባሳ ነው።

በአገራችንም እንደ ምንሽር ያሉት ጢስ አልባ ጠመንጃዎች ሲገቡ፣ ውጅግራው ገና ከትከሻ አልወረደም ነበር። ሁለት ዘመን በአንድ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በስፍርና በልማድ ይሠራ የነበረው ዕውቀት ለአንዱ መድን ሲሆን ለሌላው ጥፋት ነበረ።

ከታሪኩ የሚገኘው ምርጫ

በ20ኛው መቶ ዓመት ጎተራው ከብርጭቆ፣ በኋላም ከፕላስቲክ ይሠራ ጀመር። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ባሩዱ ምን ያህል እንደ ቀረ በዓይን ይታያል። ነገር ግን ፕላስቲክ በሰበቃ ኤሌክትሪክን የሚያጠራቅም ነውና የብልጭታው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመለሰ። በግራፋይት የተለበጠ የጥቁር ባሩድ ቅንጣት ኤሌክትሪክን በላዩ ስለሚያሳልፍ፣ እንዲህ ባለው ብልጭታ በቀላሉ እንደማይቀጣጠል ሙከራ ያደረጉ ሰዎች አሳይተዋል። ሆኖም ለጥቁር ባሩድ ተብለው የሚሠሩት ስፍሮች ጎተራቸው ከአሉሚኒየም፣ ሲሊንደራቸው ከነሐስ መሆኑ አልቀረም። ብልጭታው መቶ ጊዜ ሳያቀጣጥል ቢቀር፣ መቶ አንደኛውን ጊዜ የሚመሰክር ሰው ላይተርፍ ይችላልና ጥንቃቄው ተገቢ ነው።

እንግዲህ ዛሬም በየአገሩ የጥንቱን ጠመንጃ በጥንቱ ባሩድ የሚተኩሱ ሰዎች ደኅንነቱ የተጠበቀ ስፍር በሚመርጡበት ጊዜ የሚጠይቁት ጥያቄ ሁሉ በታሪክ ተመልሷል። ስፍሩ ብዙውን ባሩድ ከሥራው ቦታ ያርቃል ወይስ ያቀርባል? የተሠራበት ነገር ብልጭታ ያወጣል ወይስ አያወጣም? ኤሌክትሪክን ያጠራቅማል ወይስ ያሳልፋል? የሚያገለግለው ለአንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ ነው ወይስ ሁሉን ይቀበላል? ትክክለኛነቱስ አልፎ አልፎ በሚዛን ይመረመራል ወይስ በልማድ ይታመናል? እነዚህን ያሟላች አንዲት ተራ የነሐስ ጽዋ፣ እነዚህን ካላሟላ ውድ መኪና ትበልጣለች።

ይህን ታሪክ ለመምህርም ሆነ ለኪነ ጥበብ ሰው ጠቃሚ የሚያደርገው ከባሩዱ ይልቅ ስለ ዕውቀት የሚናገረው ነገር ነው። ልማድ የዕውቀት ሁሉ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ሁኔታው ሲለወጥ አብሮ ያልተመረመረ ልማድ የትናንቱን ትክክል ለዛሬ ጥፋት ያደርገዋል። መምህሩ በክፍሉ ስለ አድዋ ሲያስተምር ጠመንጃው ምን ያህል ይጎርስ እንደ ነበረ፣ ቀለሃውን ማን እንደ ሞላው ይጠይቅ። ሠዓሊውም የጦርነቱን ሸራ ሲወጥር፣ በአንዱ ጥግ ከእሳት ራቅ ብሎ በመደብ ላይ የተቀመጠውን፣ ትንፋሹን ይዞ ባሩድ የሚሰፍረውን ሰው አይርሳ። ጦርነቱን ከአዝማቹ ጋር የተሸከመው፣ ስሙም ከታሪኩ የቀረው እርሱ ነውና።